የቀረው አንድ ሰም

በባክ ክሪክ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሽመና ክፍል ሃያ ዓመት የሠራ ሰው ሁለት ነገር ይዞ ይወጣል፤ የማይሰማ ጆሮና የሚሰማ ዓይን። ሦስት መቶ የሽመና መኪና ባንድ ጣሪያ ሥር ሲንኳኳ እየጮኸ የሚያወራ ካለ ገና ባለፈው ሰኞ የተቀጠረ ነው። የቆዩት ሴቶች ድምፅ አያወጡም። በከንፈራቸው ብቻ ነው የሚያወሩት፤ ሰባኪው እሁድ ዕለት ማንን ወጋ እንዳደረገ፣ የማን ልጅ ከማን ጋር ወንዝ ዳር እንደታየች፣ ሁሉም ወሬ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ሲሻገር አንድ ክር እንኳ አይበጠስም። አለቃው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መሃላቸው ይንጎራደዳል፤ ፊት ለፊቱ ሲያሙት ይውሉና ምስኪኑ ደህና እንደዋለ አምኖ ቤቱ ይገባል።

ዜቲ ራዲሲል በዚህ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ከአክስቷ ጋር ከተራራው ስትወርድ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ይህ ሁሉ በሆነበት ዓመት ሠላሳ ዘጠኝ ሞልቷት ነበር። የግራ ጆሮዋ ካቆመ ሰነባብቷል። በቀኙ የምትሰማው ነገር ሁሉ ደግሞ በወፍራም ብርድ ልብስ ውስጥ እንዳለፈ ነው። የከተማው ሐኪም መብራቱን ጆሮዋ ውስጥ አብርቶ አየና ይኸኛውም እስከ ገና በዓል ቢቆይ ነው አላት። ይህን ከባሏ ከኮይ በቀር ለማንም አልተናገረችም። ማንም አልጠረጠራትም፤ ሁሉም ከንፈር በሚያይበት አገር ደንቆሮን ከጤነኛ የሚለይ የለም።

የሚያስጨንቃት መደንቆሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንደ ብዙዎቹ ትችለው ነበር። ዜቲ ዘፋኝ ናት። ዘፈኗን የወረሰችው ከእናቷ ነው፤ እናቷ ተራራው ላይ በአንድ ሸለቆ ውስጥ ኖራ፣ ከዚያ ሸለቆ ሳትወጣ የሞተች ሴት ነበረች። ፎቶግራፍ እንኳ የላትም። መሞቷን የሚናገረው ደብዳቤ ባክ ክሪክ የደረሰው ከተቀበረች በአሥራ አንደኛው ቀን ነው፤ ዜቲ ደብዳቤውን የሽመና መኪናዋ አጠገብ ቆማ አንብባ እጥፍጥፍ አድርጋ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችውና እስከ ፈረቃው መጨረሻ ሠራች። ይህን ለራሷ እስከ ዛሬ ይቅር አላለችም።

ከተራራው የመጡ ሰዎች ዜቲ ስትዘፍን ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «ቁርጥ እናቷ፤ አንድም አላጎደለች» ይላሉ። ዜቲ ግን ይህን ማወቅ አትችልም። ሰው የራሱን ድምፅ የሚሰማው ከውስጥ ነው፤ ጎረቤት የሚሰማውን ባለቤቱ አይሰማውም። እናቷን ስታስብ የሚመጣላት አንድ ነገር ብቻ ነበር። እናቷ የስንኙ መጨረሻ ቃል ላይ ስትደርስ ቀጥ ትላለች፤ አፏን ከፈት፣ አገጯን ቀና አድርጋ ትንሽ አየር ትስብና ከዚያ ቃሉን ትለቀዋለች። ትንሿ ዜቲ በዚያች ጸጥታ ውስጥ፣ እናቴ ዛሬስ አትጨርሰውም ብላ ልቧ ቀጥ ይል ነበር። ከዚያ በቀር ድምፁ ራሱ ጠፍቶባታል። ስለዚህ የምትመኘው አንድ ነገር ነው፤ ጆሮዋ ሳይዘጋ በፊት አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ራሷን እንደ ሌላ ሰው ከውጭ መስማት።

ኮይም የራሱ ምኞት ነበረው። እሱ የፋብሪካው የሽመና መኪና ጠጋኝ ነው፤ ቀን መፍቻ፣ ማታ ጊታር። ጊታሩን ያስተማረው ግቢው ውስጥ ጥጥ የሚያወርደው ጥቁሩ ኢሻም ጌተር ነው፤ ክሩ ላይ የቢላ ጀርባ አሳርፎ ጊታርን እንደ ሰው የሚያስለቅስ ባለሙያ። ፋብሪካው ግን እንደ ኢሻም ያለውን ጥቁር ከግቢው አሳልፎ ወደ መኪናው አያስጠጋም። የሞኞች ሕግ ነው፤ በዚያ ሕግ ምክንያት ኮይ ትምህርቱን የተማረው የጥጥ ክምር ጀርባ ተቀምጦ ነው። ኮይ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ የዘፈን ሸክላ ላይ ስሙ ታትሞ ለማየት ሲመኝ ኖረ። ደብዳቤ ይጽፋል፣ መልስ አይመጣም፣ እንደገና ይጽፋል። ኢሻም ባለፈው ዓመት የሸክላ ኩባንያ ዘፈን ቀራጮች ሻርሎት ከተማ ሲመጡ ተጠርቶ ሁለት ዘፈን ተቀርፆ ነበር።

«ወዲያው እዚያው አጫወቱልኝ» ብሎ ለኮይና ለዜቲ ነግሯቸዋል። «ራሴን ስሰማ ይሄ ማነው፣ ጥሩ ይጫወታል አልኩ። ከዚያ አንደኛው ዘፈን በሸክላ ወጣ። ያን ዕለት ያጫወቱልኝ ሌላው ግን እስካሁን አልወጣም። አልወደዱት ይሆናል።»

ዜቲ ከዚህ ወሬ ውስጥ የያዘችው «ወዲያው አጫወቱልኝ» የሚለውን ነው።

በነሐሴ ወር ቀራጮቹ ሻርሎት ከተማ እንደገና መምጣታቸውን ጋዜጣ ጻፈ፤ ኮይ ጻፈላቸው፤ በተአምር መልስ መጣ፤ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ኑ የሚል። ለአለቃው የኮይ አጎት ሞተ ተባለ። ይህ አጎት ሲሞት ሦስተኛው ነው፤ አለቃው ግን ሰውየው በደንብ ይረፍ ብሎ ፈቀደላቸው።

የሚቀረፅበት ቤት የእህል መጋዘን ፎቅ ነበር። ደረጃው ላይ የተቀመጡት የመጋዘኑ ሰዎች የዜቲን ፀጉር አይተው ተጠቃቀሱ፤ የጥጥ ብናኝ ቢታጠቡትም እንደማይለቅ የፋብሪካ ሰው ሁሉ ያውቃል። «ብናኝ ራሶቹ ደግሞ መጡ» አለ አንደኛው ለጓደኛው በሹክሹክታ። ዜቲ ከንፈሩን አይታ፣ «የናንተ ሸሚዝ ከየት የመጣ መሰላችሁ?» ብላው አለፈች። ሰውየው እንዴት ሰማችኝ ብሎ አፉን እንደከፈተ ቀረ።

ላይ ክፍሉ ግድግዳው ሁሉ ብርድ ልብስ ለብሷል፤ መስኮቱ ተዘግቷል፤ ሙቀቱ ሰው ያቀልጣል። ባንድ በኩል በመስታወት የተከለለች ጠባብ ክፍል አለች፤ መቅረጫው ያለው እዚያ ነው። ባለ መቅረጫው ሚስተር ሃልብሩክ ይባላል፤ ከሰሜን የመጣ፣ ቀጭን፣ ትሁት፣ በካናቴራ ብቻ የቆመ ሰው። ክፉ ሰው አልነበረም። ዘፈን የሚቀረፀው እንደ ዳቦ በወፈረ ክብ ሰም ላይ ነው፤ መርፌው ሰሙን እየፋቀ ይሄዳል፤ ሦስት ደቂቃ ሊሞላ ሲል ቀይ አምፖል ይበራል። ሰሙ ሰሜን ይላክና ቅርጹ ወደ ብረት ይገለበጣል፤ ከብረቱ ሸክላ ይታተማል።

የመጀመሪያው ሰም የተበላሸው በትራስ ምክንያት ነው። ኮይ ሲጫወት በእግሩ ወለሉን ይመታል፤ ምቱ መርፌውን እንዳያዘልለው ሃልብሩክ ትራስ አምጥቶ ጫማው ሥር አደረገበት። ለጆሮ ላለው ሰው ደግ ሐሳብ ነው። ዜቲ ግን ጊዜውን የምትይዘው ከጆሮዋ ሳይሆን ከወለሉ ነበር፤ የኮይ እግር ጣውላውን ሲመታ በጫማዋ በኩል ይደርሳታል። ትራሱ ሲገባ ዘፈኑ ከእግሯ ሥር ጠፋ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ እሷ ወንዝ ማዶ፣ ጊታሩ ወንዝ ወዲህ ሆኑ። ሁለተኛው ሰም ደግሞ የጠፋው በፍርሃት ነው፤ ማይክሮፎኑ አጠገብ ጮኸች፣ መርፌው ዘለለ።

ሃልብሩክ ላቡን ጠርጎ፣ የሚሆን ሰም የቀረው አንድ ብቻ እንደሆነ ነገራቸው። ሌሎቹን ሙቀቱ አበላሽቷቸዋል። በአሥራ አንድ ሰዓቱ ባቡር ይሄዳል፤ ዘመኑም ክፉ ነው፣ ሸክላ የሚገዛ እየጠፋ ስለሆነ ወደዚህ አገር ተመልሶ መምጣቱን እንጃ።

ያኔ ኮይ ጎንበስ አለና የዜቲን ጫማ አወለቀላት። እሷም ባዶ እግሯን የሱ ጫማ ላይ አስቀመጠች። ሃልብሩክ ይህን አይቶ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው ሳይል አልቀረም፤ ግን መርፌውን ሰሙ ላይ አወረደ። ኮይ ትራሱ ላይ ሲመታ እግሯ ከእግሩ ጋር ይነሳል፣ ከእግሩ ጋር ይወርዳል።

አንቺ ወንዝ፣ ከእናቴ ደጅ ነው የምትመጪው፣
ቅጠሏን ይዘሽ፣ ጭቃዋን ይዘሽ የምትወርጂው፤
የኔን መልስ ግን ሽቅብ ማን ያደርሰው።

ቀይ አምፖሉ ሲበራ መጨረሻውን ስንኝ ጨርሳ ነበር። ኮይ ጊታሩን በመዳፉ ዝም አሰኘው። ሁለቱም ጥሩ እንደሆነ አወቁ፤ እንዲህ ያለው ነገር ለሠሪው አይጠፋውም።

ኮይ ተነስቶ ወደ መስታወቷ ክፍል ገባና በሩን ዘጋ። መስታወቱ ወፍራም ነው፤ ድምፅ አያሳልፍም። እነዚህ የተማሩ ሰዎች ድምፅ እንዳያልፍ ስንት የደከሙበትን መስታወት ሠርተው ከፊት ለፊቱ ሸማኔ አስቀመጡ። ዜቲ ወንበሯ ላይ ሆና ጫማዋን እያሰረች ቀና ስትል የሁለቱም ሰዎች ከንፈር ፊት ለፊቷ ነበር።

«ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ያለ አልቀረፅኩም» አለ ሃልብሩክ።

«እንግዲያው አጫውትላት። የመጣችው ለዚሁ ነው።»

«እሱማ አይሆንም። ሰሙ ለስላሳ ነው፤ መርፌ ካሳረፍኩበት ያርሰዋል። አንዴ ትሰሙታላችሁ፣ ከዚያ ወዲያ የሚገለበጥ ነገር አይኖርም። ሌላ ጊዜ ሰም ሲተርፈኝ ለሰዎች አንዱን አጫውታለሁ፤ የማይታተመውን፣ የሞተውን ሰም ማለት ነው። ይሄ ግን ያለኝ ይኸው አንዱ ነው።»

ለኮይ የኢሻም ሁለተኛ ዘፈን ለምን እንዳልወጣ በዚያች ቅጽበት ሳይገባው አልቀረም። ዜቲም ገባት። ባሏ ሰሙን አየ፤ ጣቱን ዘርግቶ ሊነካው ሲል መልሶ ሰበሰበው። አሥራ ሁለት ዓመት የጻፋቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ፍሬ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

«አጫውትላት» አለ።

«የነገርኩህ ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል። ጆሮዋ እስከ ገና ነው። ሸክላው ሲመጣ አይደርስላትም። እባክህ ጌታው፣ እኔ ወጥቼ ስጠራት አጫውትላት፤ ስለ ሰሙ ግን አንዳች እንዳትነግራት።»

ዜቲ አንገቷን ደፍታ የጫማዋን ክር መልሳ ፈታችው፣ መልሳ አሰረችው። አንጀቷን በላው። ደግሞም ተናደደች፤ ይህን ሁሉ ዓመት የለፋበትን ነገር ሳያማክራት እንደ ትርፍራፊ ሊወረውርላት ነው። ከሁሉ በላይ ግን ፈለገች። እዚያ ሳጥን ውስጥ እናቷ አለች፤ አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። ዝም ብላ ብትነሳ ትሰማታለች፤ ምንም አላወቅኩም ብትል ማንም ሊወቅሳት አይችልም። እግሯ ለመነሳት አንድ ሁለቴ ቃጣው።

ከዚያ ያ ሸለቆ ታወሳት። እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ ዘፍና ከዶሮዎቿና ከአሥር ጎረቤት በቀር የሰማት የለም። አሁን ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተራራው ሊወጣ ተቃርቧል፤ ልጇ ደግሞ ሦስት ደቂቃ ለብቻዋ ልትበላው ነው።

ኮይ እየሳቀ ወጣ። ሳቁ የውሸት እንደሆነ ማንም ያውቃል።

«ነይ፣ ሊያጫውትልሽ ነው» አላት ከንፈሩን አጉልቶ።

«ተወው፣ አልፈልግም።»

«ምን ማለትሽ ነው? ለዚሁ አይደል እንዴ የመጣሽው?»

«እናቴ ድምፁን ከሳጥን የሰማ ሰው ዓመት አይደግምም ትል ነበር።»

«እናትሽ ደግሞ የሚዘፍን ሳጥን የት አይታ ታውቃለች?»

«አንተ ሁሉን ነገር ካልመረመርክ አይሆንልህም። ሙቀቱ ሊገድለኝ ነው፣ እንሂድ። ሰውየውንም ባቡሩ እንዳያመልጠው።»

ኮይ ረዘም አድርጎ አያት። ሃልብሩክ በመስታወቱ ውስጥ ቆሞ ይጠብቃል፤ ኮይ ዘወር ብሎ አይ በሚል ራሱን ነቀነቀለት። ሰውየው ሰሙን እንደ ጨቅላ ሕፃን በሁለት እጁ አንስቶ ጥጥ በተነጠፈበት ሣጥን ውስጥ አስተኛውና ክዳኑን ዘጋ። ዜቲ ክዳኑ ሲዘጋ አየች። ደረጃው ላይ እንባዋ መጣ፤ ኮይ ምን ሆንሽ ሲላት ላብ ነው አለችው።

ቀኝ ጆሮዋ እስከ ገና እንኳ አልቆየላትም። በጥቅምት መጀመሪያ አንድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሁሉም ሲዘምር ምንም አልነበረም። በቃ፣ አልነበረም። ሸክላው የመጣው ከዚያ በሦስተኛው ሳምንት ነው።

በመንደሩ ሸክላ ማጫወቻ ግራማፎን ያላት አንዲት ሰው ናት፤ ዜቲ አጠገብ ባለው መኪና ላይ የምትሠራው ቮኒ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቮኒ በረንዳ በሰው ተሞላ። ኢሻምም መጥቶ ነበር፤ አጥሩ ውጭ ቆሟል፣ ኮይ ወደ ውስጥ እንዲገባ ቢለምነው የጎረቤቱን ዓይን አይቶ እዚያው ቢቆም እንደሚሻለው ነገረው። ሸክላው ዞረ። ዜቲ መዳፏን ሳጥኑ ላይ አኖረች፤ እንጨቱ እንደሚያንኮራፋ ድመት ይንቀጠቀጣል፤ ሌላ የለም። ሰዎቹ ከንፈራቸውን ሲመጡ፣ ሽማግሌዎቹ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ አየች። ቁርጥ እናቷ፣ ይላሉ። ሁሉም እናቷን እየሰማ ነው፤ ከሷ በቀር። እንደማይቆጫት ለራሷ ስትነግር ከርማ ነበር፤ ቆጫት። በጣም ቆጫት።

ኮይ እጇን ይዞ ከበረንዳው አወረዳት። ዓይኑ ቀልቷል።

«ያን ዕለት ልንገርሽ ያልቻልኩት ነገር አለ» አለ። «ሰሙን እንዲያጫውትልሽ ለምኜው ነበር። ከተጫወተ ይበላሻል ብሎኝ ነበር፣ ይበላሽ ብዬዋለሁ። ምነው በግድ ጎትቼ ባስገባሁሽ ኖሮ።»

«አውቃለሁ።»

«ከየት ታውቂያለሽ?»

«በመስታወቱ አየኋችሁ። ሃያ ዓመት አብሬህ ስኖር ሸማኔ ማግባትህን ረሳኸው?»

ኮይ አጥሩን ተደግፎ ቆመ። ከዚያ ግንባሩን ትከሻዋ ላይ ጣለ፤ እሷም ሰው እያየን ነው ብላ አላስነሳችውም።

ሸክላው ቮኒ ቤት ሆነና ቮኒ አሳረፈችው ማለት አይቻልም። ጠዋት ከፋብሪካው ፊሽካ በፊት፣ ማታ ከእራት በኋላ ታዞረዋለች፤ ጎረቤት ይዋሳታል፣ የጎረቤት ጎረቤት ይዋሳል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ መንደሩ በሙሉ ዘፈኑን ለቀመው።

አንድ ማክሰኞ ዜቲ የተበጠሰ ክር ቀጥላ ቀና ስትል የቮኒ ከንፈር እየተንቀሳቀሰ ነበር። ወሬ መስሏት ልብ ብላ አየች። አንቺ ወንዝ ትላለች። ከቮኒ ጀርባ ያለችው ሴትም አንቺ ወንዝ ትላለች። ዜቲ መተላለፊያውን አሻግራ አየች፤ አንዷ ከሌላዋ ከንፈር እየተቀበለች፣ እስከ ወዲያኛው ግድግዳ ድረስ አርባ የሚሆኑ ሴቶች እጃቸው ሥራ ላይ፣ አፋቸው ዘፈኑ ላይ ነው። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ማንም ማንንም አይሰማም። ሁሉም እንደሷ ናቸው። ቅጠሏን ይዘሽ። ጭቃዋን ይዘሽ።

ሳቋ መጣ። ከዚያ መጨረሻው ስንኝ ላይ ደረሱ። የኔን መልስ ግን ሽቅብ ማን፣ አሉና አርባዎቹም ቀጥ አሉ። አፋቸውን ከፈት፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው ትንሽ አየር ሳቡ።

የዜቲ ልቧ ቀጥ አለ፤ ልክ ልጅ ሳለች እንደነበረው። ይህን ለማንም አላስተማረችም። እሷ ራሷ እንደምታደርገው አታውቅም ነበር። እነዚህ ሴቶች እናቷን አይተዋት አያውቁም፤ ከሸክላው በቀር የሚያገኙበት የለም፤ ሸክላው ውስጥ ደግሞ ያለችው ዜቲ ናት።

ከዚያ አርባዎቹም ቃሉን ለቀቁት።

ኮይ መፍቻውን ይዞ በመተላለፊያው ሲመጣ መኪናዋ ቆሟል፤ እሷም እጇን አጣጥፋ ቆማለች። የተበላሸ መስሎት ጎንበስ ሊል ሲል ትከሻውን ይዛ ቀና አደረገችው።

«ሰማኋት» አለችው።

ማንን ብሎ አልጠየቃትም። የሴቶቹን ከንፈር አየ፣ መልሶ እሷን አየ፤ ከዚያ ጫማውን ከጫማዋ ሥር አስገብቶ ቀጣዩን ስንኝ ይመታላት ጀመር። አለቃው አጠገባቸው አለፈ፤ ምንም አልሰማም።